ሕፃናት ስለ ነፍሳት ታሪክ እንዲጽፉ ይደረግ



ባለፈው ክረምት ከጥቂት የክፍል ጓደኞቼ ጋር ሆነን በሰፈራችን በሚገኝ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለስምንት ሳምንት ያህል ሕፃናትን በነጻ እናስጠና ነበር። ለእኔ የደረሰኝ የአራተኛ ክፍል ሳይንስ ነው። በመጀመሪያው ቀን፣ እኔ ራሴ በልጅነቴ እንደ ተማርሁት፣ በጥቁር ሰሌዳው ላይ «ነፍሳት ማለት አካላቸው በሦስት የተከፈለ፣ ይኸውም ራስ፣ ደረትና ሆድ ያላቸው፣ ስድስት እግርም ያላቸው እንስሳት ናቸው» ብዬ ጻፍሁ። ልጆቹ ገለበጡት፤ በማግሥቱም አንድ በአንድ እየተነሡ አንዲት ቃል ሳይሳሳቱ በቃላቸው ወጡት። እኔም ማስተማር ለካ እንዲህ ቀላል ነገር ኖሯል ብዬ ደስ አለኝ።

ደስታዬ የቈየው ግን እስከ ዕረፍት ሰዓት ብቻ ነበር። ወደ ሜዳው ብወጣ፣ ከሁሉ አሳምሮ የወጣልኝ ልጅ የአንዲት ጢንዚዛ እግር ላይ ክር አስሮ በራሱ ዙሪያ ያበርራታል። «ይህች ጢንዚዛ ስንት እግር አላት?» ብዬ ጠየቅሁት። ትንሽ አሰበና «አላውቅም ጋሼ» አለኝ። ክሩን ያሰረው ከስድስቱ በአንደኛው ላይ ነው! ቀጥዬም በግድግዳው ላይ የነበረችውን ሸረሪት አሳየሁትና «ይህችስ ነፍሳት ናት ወይስ አይደለችም?» ብለው፣ እሱም በዙሪያው የተሰበሰቡትም ልጆች በአንድ ድምፅ «ናት!» አሉ። ስምንት እግሯን ቀና ብሎ የቈጠረ አንድም አልነበረም።

ይህን ጽሑፍ ለማቅረብ የተነሣሁት ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ለመንገርና አንድ ሐሳብ ለማሳሰብ ነው። ሐሳቤም፣ ሕፃናት ስለ ነፍሳት ሲማሩ ትርጓሜውን ከመሸምደዳቸው አስቀድሞ አንዲት ነፍሳት መርጠው፣ ተቀምጠው አይተው፣ እሷን ሆነው ታሪክ እንዲጽፉ ይደረግ የሚል ነው። አንዳንዶቻችሁ ይህ የልጆች ጨዋታ እንጂ ለመጽሔት የሚበቃ ጕዳይ አይደለም ትሉ ይሆናል። እኔም የአያቴን ቀፎዎች ባላይ ኖሮ እንዲሁ እል ነበር።

እስከ ስድስተኛ ክፍል ድረስ ያደግሁት ጎጃም ውስጥ ከአያቴ ዘንድ ነው። አያቴ ገበሬ ናቸው፤ ንብም ያነባሉ። በ2011 ዓ.ም. በመስከረም መጨረሻ፣ አደይ አበባው ሜዳውን ሞልቶ ኑጉም ማበብ በጀመረበት ሰሞን፣ አሥራ አንድ ቀፎ ነበራቸው። የጎረቤታችን ልጅ በአባቱ ባቄላ ላይ ክሽክሽ ወጣበትና የመርጫውን ዕቃ በጀርባው ተሸክሞ ጸረ ተባይ መድኃኒት ረጨ። የረጨው ከጠዋቱ በአራት ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይ ሞቅ ብሎ ንቦቹ ሁሉ ከቀፎ ወጥተው በባቄላው አበባ ላይ በነበሩበት ጊዜ ነው። ወደ ማታ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከቀፎዎቹ በታች ያለው መሬት የኑግ ጆንያ የተደፋበት ይመስል ነበር። ጠጋ ብዬ ሳየው ንብ ነው። ገና ያልሞቱት በጀርባቸው ተንጋለው ይሽከረከሩ ነበር። ከአሥራ አንዱ ቀፎ ሰባቱ በወሩ ባዶ ቀሩ።

ልጁ ክፉ ሰው አልነበረም። አሥረኛ ክፍልን የጨረሰ፣ በሰፈራችን የተማረ የሚባል ነው፤ እኔንም ሳይንስ ያስጠናኝ እሱ ነበር፤ የነፍሳትን ሦስት የአካል ክፍል ከማንም በፊት የሰማሁት ከእሱ አፍ ነው። ነገሩን በሰማ ጊዜ ሮጦ መጥቶ በአያቴ እግር ላይ ወደቀና «አባባ፣ በዚያ ሰዓት እዚያ መሆናቸውን አላወቅሁም» አላቸው። አያቴም «አንሡት» አሉና ሌላ ቃል አልተናገሩም። ሁሉ ንብ ወደ ቀፎው ከገባ በኋላ፣ ወደ ማምሻው ረጭቶ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ እጅግ ባነሰ ነበር። እኔን እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ፣ ያ ልጅ ስለ ንብ የማያውቀው ነገር ከባድ ሳይንስ አለመሆኑ ነው። ንብ በየትኛው ሰዓት ወዴት እንደምትሄድ ብቻ ነው ያላወቀው። አንድ ቀን እንኳ በልጅነቱ «እኔ ንብ ነኝ፤ ዛሬ ጠዋት» ብሎ ጽፎ ቢያውቅ ኖሮ፣ ቀጥሎ ምን እንደሚጽፍ ለማወቅ ሲል ሄዶ ያይ ነበር።

የአባቱም ኑግ ከዚያው ማሳ አጠገብ ነበር። ጤፍ ለፍሬው ንብን አይጠብቅም፤ ኑግ ግን በራሱ የአበባ ዱቄት በደንብ ፍሬ አይዝም፤ ከሌላ የኑግ ተክል ዱቄት ሊመጣለት ይገባል፤ ይህንንም ከሁሉ ይልቅ የምታመላልስለት ንብ ናት። አገራችን በማር ምርት ከአፍሪካ አንደኛ መሆኗን ሁላችንም በትምህርት ቤት ሰምተናል። ከማሩ ሌላ ግን ስንቱ የወጥ ዘይት በዚያች ክንፍ ላይ ተንጠልጥሎ እንደሚኖር ማን ነገረን?

እንግዲህ ወደ ሕፃናቱ ልመለስ። የጢንዚዛዋ ነገር ከሆነ በኋላ ሰሌዳውን ትቼ «እያንዳንዳችሁ አንዲት ነፍሳት ምረጡ፤ ግማሽ ሰዓት ተመልከቷት፤ ከዚያ እሷን ሆናችሁ ታሪኳን ጻፉ» አልኋቸው። የመጀመሪያዎቹ ድርሰቶች፣ እውነቱን ለመናገር፣ የሚያሳፍሩ ነበሩ። ሁሉም በ«ተረት ተረት» ይጀምራሉ። በሁሉም ውስጥ ታታሪ ጉንዳንና ሰነፍ ፌንጣ አሉ፤ በሁሉም መጨረሻ «ስለዚህ ሰነፍ መሆን አይገባም» የሚል አለ። ከዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሲያወጉ ቈይተው፣ ከአያቶቻቸውና ከመጽሐፍ የሰሙትን ገልብጠው ነው የመጡት። ጉንዳን ያየ አልነበረም።

ዳሩ ግን በእነሱ መፍረድ አይቻልም፤ ታላላቆቹም ይህንኑ አድርገዋልና። ላ ፎንቴን የተባለው የፈረንሳይ ባለቅኔ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1668 ባሳተመው የተረት መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ያስቀመጠው፣ ከጥንት ከኤዞፕ ዘመን ሲወርድ የመጣውን የሲካዳንና የጉንዳንን ታሪክ ነው። ሲካዳ በዛፍ ላይ ሆና በሞቃት ቀን የምትጮህ ነፍሳት ናት። በተረቱ ውስጥ በጋውን ሙሉ ስትዘፍን ቈይታ ክረምቱ ሲመጣ ወደ ጉንዳን ቤት ሄዳ እህል ትለምናለች። የፈረንሳይ ሕፃናት ይህን በቃላቸው እየወጡ ስንት ትውልድ አለፈ። ኋላ ዣን አንሪ ፋብር የሚባል፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1823 እስከ 1915 የኖረ የደቡብ ፈረንሳይ አስተማሪ፣ ከዛፉ ሥር ተቀምጦ አየ። ሲካዳዋ እንደ መርፌ ባለ አፏ የዛፍ ቅርፊት በስታ የምትጠጣ ናት፤ እህል የምትበላበት አፍ የላትም፤ ክረምት ሳይገባም ትሞታለች። ከዚህም አልፎ፣ በደረቁ የበጋ ሙቀት ወደ በሳችው ቀዳዳ እየመጡ መጠጧን የሚሻሟት፣ እግሯንም እየነከሱ ሊያስለቅቋት የሚሞክሩት ጉንዳኖቹ ናቸው። ለማኟ ማን እንደ ሆነች እናንተው ፍረዱ።

ይህን ያልሁት ተረትን ለመንቀፍ አይደለም። ፋብር ራሱ ዐሥሩን ትልልቅ መጽሐፎቹን የጻፈው እንደ ታሪክ አድርጎ ነው፤ ይህ እንደ ቁም ነገር አይቈጠርም እያሉ የነቀፉት ነበሩ። (እሱም ቢሆን ይሳሳታል። ሲካዳዎች ይሰሙ እንደ ሆነ ለማወቅ የመንደሩን መድፍ አስመጥቶ ከዛፎቹ ሥር አስተኰሰ፤ መጮኻቸውን አላቋረጡም፤ እሱም ደንቈሮዎች ናቸው አለ። ዛሬ እንደሚሰሙ ታውቋል።) እኔ የምለው፣ ሳያዩ የተጻፈ ታሪክ ዐይንን ይሸፍናል፤ አይቶ የተጻፈ ታሪክ ግን ዐይንን ይከፍታል ነው።

የገዛ ቋንቋችንም ቢሆን ከዚህ ነገር ነጻ አይደለም። የንቦችን ገዥ «አውራ» እንላታለን፤ አውራ ደግሞ የወንድ ስም ነው። እሷ ግን ሴት ናት፤ የቀፎውን እንቍላል ሁሉ የምትጥል እናት ናት። በኤውሮፓም ንጉሥ ሲሏት ኖረው፣ ስዋመርዳም የተባለ የሆላንድ ሊቅ በዐሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት ሆዷን ከፍቶ እንቍላሉን አሳያቸው። በመብራት ዙሪያ የምትሽከረከረውንም «የእሳት እራት» እንላታለን። ስሙ እንዴት ያለ ውብ ስም ነው! ነገር ግን ሞቷን ፈልጋ የምትሄድ ስለ መሰለን፣ ለምን እንደምትሽከረከር የጠየቀ ብዙ አልነበረም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2024 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ በሌሊት የሚበርሩ ነፍሳት ጀርባቸውን ወደ ብርሃን ያዞራሉ፤ በጨለማ ውስጥ ብርሃን የሚመጣው ከሰማይ በኩል ስለ ሆነ ላይና ታችን የሚለዩት በዚህ ነው። ፋኖሳችን ሰማይ መስሏቸው ጀርባቸውን ወደ እሱ እያዞሩ ሲበርሩ መውጫ ያጣሉ። እሳት አልናፈቃቸውም፤ አቅጣጫቸውን አሳትናቸው እንጂ።

ስለዚህ በሁለተኛው ሳምንት ለልጆቹ አንድ ሕግ አወጣሁ። ሕጉም «ነፍሳቷ የምታስበውን እንደ ልባችሁ ፍጠሩ፤ የምታደርገውን ግን ካላያችሁ አትጻፉ» የሚል ነበር።

ነገሩ ከዚያ ወዲያ ተለወጠ። አንዲት ዐሥር ዓመት የሆናት ልጅ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ካለ የጉንዳን ጕድጓድ አጠገብ ተቀምጣ ሳለ አንዲት ጉንዳን የሞተች ጉንዳን ተሸክማ ስትወጣ አየች። ተከተለቻት። ጉንዳኗ እሬሳውን ይዛ ራቅ ብላ ሄደችና ገለባና ልጣጭ ከተጣለበት ስፍራ አስቀምጣው ተመለሰች። ልጅቱም ጻፈች፤ የጉንዳኖች እድር እንዳለ፣ የእድሩ ዳኛ ጥሩንባ እንዳስነፋ፣ የሟች እናት እንዳለቀሰች፣ ንፍሮ እንደ ተቀቀለ፤ ድንኳኑም ቅጠል ነበር። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሥቄ ሳበቃ አንድ ጥያቄ ጠየቅኋት። «መሞቷን በምን ዐወቁ?»

ዝም አለች። ኋላ «ስትጠራት አልመለሰችላትም» አለች። «ጕድጓዱ ውስጥ እኮ ጨለማ ነው፤ ጉንዳንም አትጣራም» አልኋት። መልሱን ግን እኔም አላውቀውም ነበርና ፈልጌ እንደምነግራት ቃል ገባሁ። ፈልጌም አገኘሁት። ኤድዋርድ ዊልሰን የተባለው የአሜሪካ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1958 ከባልደረቦቹ ጋር ባወጣው ጥናት፣ ጉንዳን ከሞተች ከሁለት ቀን ያህል በኋላ ከአካሏ ኦሌይክ አሲድ የሚባል ቅባት እንደሚገኝ፣ ጉንዳኖቹም የሞተችውን የሚለዩት በዚህ ሽታ እንደ ሆነ አስረድቷል። ይህንንም ለመፈተን ቅባቱን በደኅና ጉንዳን ላይ ቀባ። ሌሎቹ ወዲያው ተሸክመው፣ እግሯን እያራገበች፣ ከቈሻሻው ላይ ጣሏት። ተነሥታ ተመለሰች፤ እንደ ገና ተሸክመው ጣሏት። ሰውነቷን ጠርጋ እስክታነጻ ድረስ አላስቀመጧትም።

ይህን ስነግራት ልጅቱ እስክታነባ ድረስ ሣቀች። በማግሥቱ ያመጣችው ታሪክ ከቀድሞው የረዘመ ነበር። ጀግናዋ ጉንዳን ከወጥ ቤት በር የፈሰሰ ዘይት ረግጣ ወደ ቤቷ ትገባለች። ገና ከደጃፉ ሁለት እኅቶቿ አፈፍ ያደርጓታል። «ኧረ አልሞትሁም!» ትላለች። «ሽታሽ ሞተሻል ይላል» ይሏታል። «አሁን እኮ እየተናገርሁ ነው!» ስትላቸው «እኛ ጆሮ የለንም፤ አፍንጫ ነው ያለን» ብለው ይወስዷታል። እኔ ይህን የመሰለ ነገር በዐሥራ ስምንት ዓመቴ መጻፍ አልችልም። የዘይቱ ነገር በእውነት እንዲህ ያደርግ እንደ ሆነ ለመፈተንም፣ ልጅቱ በራሷ አሳብ አንዲት ጠብታ ዘይት በእንጨት ይዛ ወደ አጥሩ ሄደች።

እነሆ በሁለቱ ድርሰቶች መካከል ያለውን ልዩነት ተመልከቱ። የመጀመሪያው ስለ እኛ ነው፤ ስለ ሰፈራችን እድርና ንፍሮ ነው። ሁለተኛው ስለ ጉንዳን ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ያሻገራት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ያን ጥያቄ ደግሞ የወለደው የመጀመሪያው ሐሰት ነው። ትርጓሜ ብቻ ብትሸመድድ ኖሮ እኔም ምን እንደማታውቅ አላውቅም፤ እሷም አትጠይቅም ነበር።

የንቧም ነገር እንዲሁ ሆነ። አንድ ልጅ «አበባውን አግኝቼ ለጓደኞቼ ነገርኋቸው» ብሎ ጻፈና «በምን ቋንቋ?» ብለው «በአማርኛ» አለኝ። እንግዲያው ካርል ፎን ፍሪሽ ያገኘውን፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1973 ከሁለት ሊቃውንት ጋር የኖቤልን ሽልማት የተቀበለበትን ነገር ነገርኋቸው። ንቧ በጨለማው ቀፎ ውስጥ፣ ቀጥ ብሎ በተንጠለጠለው እንጀራ ላይ ሆዷን እያወዛወዘች ትሄዳለች። ወደ ላይ ብትሄድ አበባው በፀሐይ አቅጣጫ ነው፤ ወደ ጎን ብታዘነብል ከፀሐይ በዚያው ልክ ወደ ጎን ነው፤ ማወዛወዟ በረዘመ መጠን መንገዱ ሩቅ ነው። በዚያ ቀን ሳይንስ አልተማርንም፤ ሜዳ ላይ ወጥተን ጨፈርን። አንዱ ቆሎ ይደብቅና እስክስታ በመሰለ ነገር ቦታውን ያመለክታል፤ ሌሎቹ ይፈልጋሉ። ሁለት ጊዜ ብቻ ተገኘ።

ከሁሉ ይልቅ የማልረሳው ግን ከወሎ የመጣውን ልጅ ነው። በክፍሉ ውስጥ ብዙ የማይናገር፣ ድርሰትም ያልጻፈ ነበር። በአራተኛው ሳምንት አንድ ገጽ አመጣልኝ። ሌሎቹ ሁሉ «እኔ» እያሉ ሲጽፉ እሱ «እኛ» ብሎ ነው የጀመረው። «እኛ ርቦናል። ትናንትም በላን፤ ዛሬም ርቦናል። ሰዎች ጣሳ ይመታሉ፤ ጅራፍ ያጮኻሉ። እኛ አንሰማም።» በጥቅምት 2013 ዓ.ም. አንበጣው የአባቱን ማሽላ ሲበላ የስድስት ዓመት ልጅ ነበር፤ ጣሳ ከሚመቱት አንዱ እሱ ነው።

በ2012ና በ2013 ዓ.ም. የመጣው አንበጣ በአገራችን በሃያ አምስት ዓመት ውስጥ ያልታየ መሆኑን ሁላችን ሰምተናል። አንዲት አንበጣ በቀን የክብደቷን ያህል፣ ሁለት ግራም ያህል ትበላለች። ይህ ምንም አይደለም። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ያረፈ መንጋ ግን ከ40 ሚሊዮን የማያንስ ሲሆን፣ በአንድ ቀን 35 ሺህ ሰው የሚበላውን ያህል ይበላል። ልጁ ይህን ቍጥር አያውቀውም፤ «እኛ» በምትለው ቃል ግን ከቍጥሩ ይልቅ አስረዳኝ።

እኔም በበኩሌ አንድ ነገር ነገርሁት። አንበጣ ብቻዋን ስትኖር ዐይን አፋር ናት፤ የምትበርረው በሌሊት ነው፤ ከሌሎች አንበጦች ትሸሻለች። ዝናብ ዘንቦ ከበዙና ቅጠሉ አንሶ ከተጨናነቁ፣ የኋላ እግራቸውም እርስ በርሱ ደጋግሞ ከተነካካ፣ ጠባያቸው ይለወጣል፤ መፈላለግ ይጀምራሉ፤ የልጆቻቸውም መልክ ሳይቀር ይለወጣል። ቦሪስ ኡቫሮቭ የተባለ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1921 አንዱ ዐይነት አንበጣ እንዲህ ባለ ሁለት መልክ መሆኑን እስኪያስረዳ ድረስ ሁለት የተለያዩ ዐይነቶች ይመስሉ ነበር። ልጁ አዳመጠኝና «መጀመሪያ ብቻዋን ነበረች?» ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልሁት። «እኛ ሳንሆን በፊት» የሚል ሌላ ታሪክ እንደሚጽፍም ነገረኝ።

አሁን የሚነሡትን ተቃውሞዎች ሳልጠቅስ ባልፍ ሐቀኛ አልባልም። አንዲት እናት በሦስተኛው ሳምንት መጥተው «ልጄን የላክሁት ሊማር ነው እንጂ ጉንዳን ሊጠብቅ አይደለም» አሉኝ። የምመልሰው አላጣሁም፤ እሳቸው ግን እስከ መጨረሻው አላመኑኝም። ልጆች ስለሚነደፉም ይፈራሉ፤ ይህ እውነት ነው፤ ማየት እንጂ መንካት የለም የሚል ሕግ ማስፈለጉ አይቀርም። ጊዜው አይበቃም፣ ተማሪውም ብዙ ነው ለሚሉት ደግሞ፣ ማይክሮስኮፕ የሌለው ትምህርት ቤት ብዙ ነው፤ ጉንዳን የሌለው ግን የለም ከማለት በቀር ሌላ መልስ የለኝም።

የከበደኝ አንድ የማከብራቸው የሥነ ሕይወት መምህር ያሉኝ ነው። «ጉንዳን አታዝንም። ሕፃኑ ታዝናለች ብሎ ከጻፈ በኋላ ይህን ከልቡ የሚነቅልለት ማን ነው?» አሉኝ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ለእኔም ደርሶብኛል። አንዱ ልጅ ስለ ትንኝ ሲጽፍ ሰውን የምትነክሰው በክፋቷ ነው አለ። ደም የምትጠጣ ሴቲቱ ብቻ እንደ ሆነች፣ ይህንንም የምታደርገው ለእንቍላሎቿ መሆኑን፣ ወንዱ ግን የአበባ ጣፋጭ ውሃ እየጠጣ እንደሚኖር ስነግራቸው፣ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ትንሽ ልጅ «ውይ፣ እናት ናታ! እንግዲህ አንገድላትም» አለች። እኔም ደነገጥሁ። ወባ የፈጀውን ሕዝብ እያሰብሁ ወደ ጓሮ ይዣቸው ወጣሁ፤ ከተጣለ የመኪና ጎማ ውስጥ የቈየ ውሃ ነበረ፤ ትሎቹ በውሃው ላይ ተንጠልጥለው ይርመጠመጣሉ። ትንኝ ከእነዚህ እንደምትወጣ ነገርኋቸው። ጎማውን ገለበጥነው። ልጅቱም ከሌሎቹ ጋር ገለበጠች፤ ኋላ ግን በደብተሯ ላይ «ልጆቿን አፈሰስንባት፤ አዝናለሁ፤ ወባ ግን አልፈልግም» ብላ ጻፈች።

እኒህ መምህር ይህን ሲሰሙ «ይኸው አልሁህ» ይሉኝ ይሆናል። እኔ ግን ልጅቱ የተሳሳተችው ምኑ ላይ እንደ ሆነ አላየሁም። ትንኝ እንደምታዝን አልጻፈችም፤ ያዘነችው እሷ ናት። ደግሞም ሕፃን የኛን ፈቃድ ሳይጠይቅ ጉንዳን ታዝናለች ብሎ ማሰቡ አይቀርም፤ ካልጻፈው ግን በልቡ እንደ ተቀመጠ ያድጋል፤ ማንም አያየውም፤ ማንም አይጠይቀውም። በመጨረሻው ሳምንት ትርጓሜውን እኔ ሳልጽፍ እነሱ እንዲጽፉልኝ አድርጌ ነበር። ከመጡት አንዱ እንዲህ ይላል፤ «ነፍሳት ስድስት እግር አላቸው። ሸረሪት ስምንት ስለ ሆነች ታሪኬን ሰርዤዋለሁ፤ ግን ጥሩ ታሪክ ነበር።»

ስለዚህ የምለምነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የአማርኛና የሳይንስ መምህራን በአንደኛ ደረጃ በወር አንዲት ክፍለ ጊዜ በጋራ ይዘው ሕፃናቱን ወደ ሜዳ ያውጧቸው፤ አንደኛው ቋንቋውን፣ ሁለተኛው እውነቱን ይጠብቁ። ሁለተኛ፣ ይህ መጽሔታችን በሚመጣው ዓመት ለእነዚህ ታናናሾቻችን አንድ ገጽ ይልቀቅላቸው። ጽሑፎቹ ከእኔ ዘንድ አሉ። የጉንዳኗ ታሪክ ሁለት ገጽ ተኩል ነው፤ ሲታተም «ኧረ አልሞትሁም!» የሚለው እንዳይቈረጥባት ባለቤቲቱ አደራ ብላኛለች። የአንበጣው ግን አላለቀም። አንበጣዋ ገና ብቻዋን ናት፤ ሌሊት ነው፤ ከሩቅ የዝናብ ሽታ ሸቷታል፤ እዚያ ላይ ክረምቱ አለቀና ተለያየን። ልጁ ግን ደብተሩን ይዞ ሄዷል።